ባለተራው የአፍንጫ ቀዳዳ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ከምሳ በፊት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን፤ ግን ሰው እንዳይተኛ» ተብያለሁ። ባለፉት ዓመታት በዚህ መድረክ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልብ ብዙ ሰምተናል፤ ለዕድሜያችንም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከአንገት በላይ ሐኪም ነኝና የማወራው ስለ አፍንጫ ነው። ያውም መጀመሪያ ስለ ጤነኛው አፍንጫ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት አፍንጫቸው ሥራውን በትክክል እየሠራ ሳለ «ታመመብኝ» ብለው የሚመጡ ናቸው።

እስቲ አንድ ነገር አብረን እንሞክር። የቀኝ አፍንጫችሁን ቀዳዳ በጣታችሁ ከጎን በቀስታ ዝጉና በግራው ሳቡ። አሁን ደግሞ ግራውን ዝጉና በቀኙ ሳቡ። አንደኛው ይቀላል፣ ሌላው ትንሽ ይከብዳል፤ አይደለም እንዴ? ቀኙ የቀለለው እጅ ያውጣ። ግራውስ? በጣም ጥሩ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሏል። ይህንኑ ሙከራ ከሰዓት በኋላ ብትደግሙት ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ማታ ስትተኙ ደግሞ እንደገና።

አፍንጫ በሁለት ቀዳዳ እኩል አይተነፍስም። አንዱ በሰፊው ሲያሳልፍ ሌላው ጠበብ ብሎ ያርፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አንዱ ተራ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ግድም ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ይረዝማል። ይህ በሰው ሁሉ ላይ እንደ ሰዓት ተስተካክሎ አይሄድም። የቆዩ መጻሕፍት ከመቶ ሰባና ሰማንያ ሰው ይቀያየርለታል ይላሉ፤ በኋላ በመሣሪያ በጥንቃቄ ሲለካ ግን ፍጹም ተራ በተራ የሚሄድላቸው ሰዎች ከዚያ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ይጠብባሉ፣ አብረው ይሰፋሉ፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ምንም ሥርዓት የለውም። ሁሉም ጤነኛ ነው።

ጉዳዩን በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ በደንብ የገለጸው ሪቻርድ ካይዘር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1895፣ ዐፄ ምኒልክ የዐድዋን የክተት ዐዋጅ ያስነገሩበት ዓመት። የሕንድ ዮጊዎች ግን ከእሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አስተውለውታል። ቁጭ ብሎ ትንፋሹን የሚያዳምጥ ሰው ሳይታወቀው የሚያልፍ ነገር አይደለማ! ዮጊዎቹ ከዚያ ተነሥተው በቀኝ ቀዳዳ ስትተነፍስ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሥራ፣ በግራ ስትተነፍስ ደግሞ እንዲያ የሚል ትምህርት ገንብተዋል። እሱን አልከተላቸውም፤ አስተዋይነታቸውን ግን አደንቃለሁ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ከውጭ የምናየው የአፍንጫችን ደጃፍ ብቻ ነው። ቤቱ ከላንቃችን በላይ ወደ ኋላ እስከ ጉሮሮ ይዘልቃል፤ መሐሉ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው። በየክፍሉ የጎን ግድግዳ ላይ ሦስት ሦስት ጉብታዎች እንደ መደርደሪያ ተንጠልጥለዋል፤ ተርቢኔት ይባላሉ። ትልቁ የታችኛው ነው። ውስጡ ስስ አጥንት ሲሆን የሸፈነው ሥጋ ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ደም የሚሞሉ የደም መልስ ጓዳዎች አሉት። ሲሞሉ ያብጣል፣ መንገዱም ይጠባል። ሲጎድሉ ይሟሽሻል፣ መንገዱም ይሰፋል። እንዲህ ደም እየሞላ የሚያብጥ ሥጋ በሰውነታችን በሌላም ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ምሳ ላይ ጠይቁኝ፣ መምህሮቻችን ፊት አልናገርም።

ቧንቧውን የሚከፍትና የሚዘጋው ሲምፓቴቲክ የሚባለው ነርቭ ነው። ሥራው እነዚያን የደም ጓዳዎች ጨብጦ መያዝ ነው። በአንድ ወገን ጨበጣው ሲጠብቅ በሌላው ይላላል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ይቀያየራል። አዛዡ በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ እንደሆነ ይታመናል። ነርቩ ዋናው መሆኑን ግን በበሽተኛ ላይ እናየዋለን፤ አንገቱ ላይ ይህ ነርቭ የተጎዳበት ሰው በዚያው ወገን የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ብሌኑ ይጠባል፣ አፍንጫውም አብጦ ይደፈናል። ደረጃ ሮጣችሁ ስትወጡ ወይም ስትደነግጡ ሁለቱም ቀዳዳ ወለል ብሎ የሚከፈተውም ይኸው ነርቭ በሁለቱም በኩል ስለሚጨብጥ ነው። አንበሳ ፊት «አፍንጫዬ ተደፈነ» ያለ ሰው የለም።

አተኛኘትም ያዛል። በግራ ጎናችሁ ስትጋደሙ ትንሽ ቆይቶ የታችኛው፣ ማለትም ግራው ይደፈናል፤ ላይኛው ይከፈታል። ብዙ ሰው «ንፍጡ ወርዶ ነው» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን በጎንና በብብት ላይ የሚያርፈው ጫና ነው፤ ቆዳው ሲጫን በዚያው ወገን ያለው የአፍንጫ ሥጋ እንዲያብጥ የሚያደርግ ምላሽ በነርቭ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሞ ክራንች ብብቱ ሥር ያደረገ ሰው ላይም ይታያል። ዮጊዎቹ ለዚሁ ብለው አጭር ድጋፍ ብብታቸው ውስጥ አድርገው ይቀመጡ ነበር። በመቋሚያ ብብቱን ደግፎ ማኅሌት የሚቆም ጓደኛ ያለው ሰው ጠይቆ ይሞክረው።

«ይህ ሁሉ ለምን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አፍንጫ በቀን አሥር ሺህ ሊትር ገደማ አየር ያስተናግዳል። ያንን ሁሉ ማሞቅ፣ ማርጠብና ማጣራት አለበት። አየሩ ጉሮሮ ሲደርስ በሰውነታችን ሙቀት አጠገብ ደርሶ፣ በእርጥበት ጠግቦ ነው። ያ ውሃ የሚመጣው ከአፍንጫው ሽፋን ነው። በተለይ በደጋው አገራችን፣ በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ነፋስ፣ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት። ሽፋኑ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ በሴኮንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ እየመቱ አቧራና ጀርም የተጣበቀበትን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። እኛም ሳናውቀው ውጠነው ሆድ ያቃጥለዋል። እነዚህ ፀጉሮች የሚቀዝፉት በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ከደረቀ ጀልባው አሸዋ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አሳማኙ ማብራሪያ ይህ ነው፦ አንዱ ወገን አየሩን ሲሸከም ሌላው ጠቦ፣ ነፋስ ቀንሶለት፣ ራሱን መልሶ ያረጥባል። ሁለት ዘበኛ ተቀጥሮ አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ቀን እንደሚባለው ነው። ያረፈው ግን ሙሉ በሙሉ አይተኛም፣ ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል።

ፀጉሮቹ መሥራታቸውን የምናውቅበት ቀላል ፈተና አለ። ቅንጣት ሳካሪን ከታችኛው ተርቢኔት ፊት ላይ እናስቀምጥና ሰውየው ሳይነካካው ቁጭ ይላል። ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ባለው ጊዜ ጉሮሮው ላይ ይጣፍጠዋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ፀጉሮቹ አልሠሩም ማለት ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ጓደኞቼ ይህን ፈተና ባይወስዱት ይሻላቸዋል!

ሌላም ጥቅም ተገኝቷል፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖአም ሶበልና ባልደረቦቹ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድን ሽታ አንድ ዓይነት አድርገው እንደማያሸቱ አሳየ። አንዳንድ የሽታ ንጥረ ነገር ቶሎ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል፤ አየሩ ቀስ ብሎ ከሄደ በመንገድ ላይ ቀርቶ የማሽተቻውን ሥፍራ በሚገባ አያዳርስም፤ ፈጣን አየር ያስፈልገዋል። ካርቮን፣ ማለትም ናናን ናና የሚያሰኘው፣ እንዲህ ነው። ኦክቴን፣ ከቤንዚን ውስጥ የሚገኘው፣ ደግሞ በዝግታ ነው የሚጣበቀው፤ ዘገምተኛ አየር ይስማማዋል። ሁለቱን እኩል ቀላቅለው ሲያሸትቷቸው ሰዎቹ በሰፊው ቀዳዳ ናናው በለጠ አሉ፤ በጠባቡ ቤንዚኑ በለጠ አሉ። ዕቃው አንድ፣ ሰውየው አንድ። ዓይናችን በሁለት አቅጣጫ አይቶ ጥልቀት እንደሚለይ አፍንጫችንም በሁለት ፍጥነት አሽትቶ ሰፋ ያለ ሽታ ይለቅማል ማለት ነው። የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ጭሱን ስትስቡ አስታውሱት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አይታወቀንም? የሁለቱ ድምር ስለማይለወጥ ነው። አንዱ የጠበበውን ያህል ሌላው ስለሚሰፋ ሳንባችን የሚደርሰው አየር ያው ነው። የሚታወቀን ሚዛኑ የተዛባ ዕለት ነው። ጉንፋን ሲይዘን እብጠቱ ይጨምራል፣ ልዩነቱም ይገናል፤ ስለዚህ ሌሊቱን አንዴ ቀኙ አንዴ ግራው እየተደፈነ ያገላብጠናል። አለርጂም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ አንድ ለሐኪሞችም የሚያስቸግር ነገር አለ። የብዙ ሰው የአፍንጫ መሐል ግድግዳ ትንሽም ቢሆን ጎበጥ ያለ ነው። ወደ ግራ የጎበጠበት ሰው ግራው ዕድሜ ልኩን ጠባብ ስለሆነ ለምዶታል፤ አይሰማውም። የሚሰማው ሰፊው ቀኙ በተራው ሲያብጥ ነው፤ ያኔ ሁለቱም የተዘጉ ይመስለዋል። «ቀኙ ነው የታመመብኝ» ብሎ ይመጣል። ያመለከተውን ወገን ብቻ ያየ ሐኪም ሌላውን ይስታል። ሲቲ ስካንም አያድንም፤ ካሜራው የሚያየው የዚያችን ደቂቃ ነው። አንዱ ተርቢኔት አብጦ፣ ሌላው ሟሽሾ ይታያል። ያን ወረቀት ይዘው «ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል ወይ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰዓት ቆይቶ ቢነሣ ሥዕሉ በተገለበጠ ነበር።

ስሜቱም ያታልላል። የአፍንጫ መከፈት የሚሰማን በአየሩ መጠን ብቻ አይደለም፣ ሽፋኑ ሲቀዘቅዝ ነው። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራው ሮን ኤክልስ ሰዎች ሜንቶል ሲያሸቱ «ተከፈተልኝ» እንደሚሉ፣ በመሣሪያ ሲለካ ግን መንገዱ ምንም እንዳልሰፋ አሳይቷል። ሜንቶሉ ያነቃው ቅዝቃዜን የሚናገረውን ነርቭ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲያጥኑን ደስ የሚለን በከንቱ አይደለም፣ እፎይታው እውነተኛ ነው። ልጆችን ግን በፈላ ውሃ ድስት ላይ አጎንብሰው አትጠኑብኝ፤ በዚህ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። አገራችን ውስጥ አፍንጫው የተደፈነበት ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። ሳይነስ ማለት ፊታችን አጥንት ውስጥ ያለ ክፍተት ነው፤ ሁላችንም አለን። «ሆድ አለብኝ» እንደማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በስልኩ መብራት መስተዋት ፊት ቆሞ አፍንጫውን ይመረምርና «ሥጋ በቅሎብኛል» ብሎ ይመጣል። ያየው የታችኛውን ተርቢኔት ነው፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣውን።

ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ጠብታ ይሰጠዋል፦ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን። እነዚህ ያን የምላችሁን ነርቭ አስመስለው ደም ጓዳዎቹን በሁለቱም በኩል ይጨብጣሉ። በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫው ወለል ይላል። ሰውየው እንዲህ ዓይነት መተንፈስ አያውቅም ነበር፤ ተፈጥሮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትከፍትለትማ! ይወደዋል። መድኃኒቱ ሲያልቅበት ግን ሥጋው ከመጀመሪያው በላይ ያብጣል። ይደግማል። ቀን ሁለቴ የነበረው አምስቴ ይሆናል። ወራት ሲያልፉ ሽፋኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ለመድኃኒቱም ምላሽ መስጠት ይቀንሳል፤ ተራ መለዋወጡም ይጠፋል። አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር መጥቶልኝ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ብልቃጧን ከዳሽቦርዱ ላይ አንሥቶ አያውቅም። «ዶክተር፣ መሪውን ብረሳ ይሻለኛል» አለኝ። ሲጀምር የነበረበትን ስጠይቀው፣ «ሌሊት በተኛሁበት ጎን ይዘጋብኝ ነበር» አለ። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ለማስተው አንዱን ቀዳዳ አስቀድመን አስጣልነው፣ በስቴሮይድ ርጭት እየረዳነው፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሳምንታት ፈጀ፤ እንቅልፉንም አሳጣው።

ስለዚህ ጠብታው ለጉንፋን ሦስት አራት ቀን፣ ቢበዛ አምስት ቀን ነው። የስቴሮይድ ርጭት ሌላ ነገር ነው፤ ለአለርጂ ለወራት ይታዘዛል፣ ሁለቱን አታምታቱ። ደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ አፍንጫ ለመክፈት በሚዋጡት ክኒኖች፣ ሲውዶኤፌድሪን ባለባቸው፣ ተጠንቀቁ፤ የአፍንጫውን ደም ሥር ብቻ አይደለም የሚጨብጡት።

የተርቢኔት ቀዶ ሕክምናም አለ፤ በተገቢው ሰው ላይ ጥሩ ነው፣ እኔም እሠራዋለሁ። ግን ከመጠን በላይ ከተቆረጠ አፍንጫው ወና ይሆናል። አየሩ እየገባ ሰውየው «ታፈንኩ» ይላል፤ የሚያረጥበውም የሚሰማውም ሽፋን ሄዷልና። የተቆረጠ ተርቢኔት አይበቅልም። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ የትኛው ቀዳዳ ቀለለ? እየተቀያየረ ከሆነ ማስታወሻውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙን ይረዳዋል።

የሚያሳስበኝ የማይቀያየረው ነው። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት፣ ስትገላበጡም ደረጃ ስትወጡም የማይከፈት። በዚያ ላይ ከዚያው ወገን ደም የሚያሳይ፣ ጉንጭ የሚያደነዝዝ፣ ጥርስ የሚያወላልቅ፣ አንገት ላይ እብጠት ያለበት ከሆነ አትቆዩ፤ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ውስጡ በመሣሪያ መታየት አለበት። እንዲህ ያሉ ሰዎች «ሳይነስ ነው» ተብለው አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ ሲውጡ ከርመው ነው የሚደርሱን። በመጀመሪያው ወር የሚመጣውና በአሥረኛው ወር የሚመጣው አንድ ሕክምና አይጠብቃቸውም።

ልጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ንፍጥ የሚወርደው ሕፃን፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ አፍንጫው ውስጥ የከተተው ነገር አለ ብላችሁ ያዙ። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዶቃ፣ የፍራሽ ስፖንጅ፤ ያላወጣሁት የለም። የሰዓትና የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ከሆነ ግን በሰዓታት ውስጥ ግድግዳውን ስለሚያቃጥል ለነገ አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። በቤት ውስጥ በወረንጦ አትሞክሩ፣ ወደ ኋላ ትገፉታላችሁ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ይህንንም ንገሩልኝ፦ ከምንጭ ወይም ከኩሬ በአፉ ጎንበስ ብሎ የጠጣ ልጅ ከአንድ ቀዳዳ እየደማ ከቀጠለ አልቅት ሊሆን ይችላል። ነስር ነው ተብሎ ሳምንታት የደማ፣ ደም ያነሰው ልጅ ይመጣል፤ ሲታይ ውስጥ ሆና ስትንቀሳቀስ እናገኛታለን።

ለተራው መደፈን ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ጨውና ውሃ። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። በዚያ አፍንጫን ማጠብ ይቻላል፤ በየቀኑም አይጎዳም። ያልፈላ ውሃ ግን አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ማታ አንዱ ሲደፈንባችሁ በሌላው ጎን ተገልብጣችሁ ጥቂት ጠብቁ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ ወጡም ሳይሸተን አልቀረም፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ምሳ ላይ አግኙኝ፤ ለመመርመር ግን መብራት አልያዝኩም።